ከፏፏቴው በፊት፣ ከአውሮፕላኑ በኋላ

ሆሳዕና ላይ «እገሌ ሄደ» ከተባለ ዛሬ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ደቡብ አፍሪካ ነው። እኔ በልጅነቴ መጀመሪያ የሰማሁት የመሄጃ ስም ግን ዎንጂ ነበር። ሆላንዶቹ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ሥራ ካስጀመሩ በኋላ ለሸንኮራ ቆረጣው ከተሰበሰበው ጉልበት ብዙው ከኛው ከከምባታና ሀዲያ አውራጃ የወረደ ነው። ጎረምሳው እንሰቱን ለእናቱ፣ በሬውን ለወንድሙ ትቶ አንድ ወቅት ይቆርጥና ግብር የሚከፍልበትን፣ ሚስት የሚያገባበትን ብር ቋጥሮ ይመለሳል። አያቴም እንዲሁ ወርደው ተመልሰዋል። ከዚያ ያመጣሁት ወባና ኦሮምኛ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ወባው ከጊዜ በኋላ ለቀቃቸው፤ ኦሮምኛውን ገበያ ላይ ይነግዱበት ነበር። የማይቀልዱበት ነገር ቢኖር የሥራ ካርዳቸው ነው። በላስቲክ ጠቅልለው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አኑረዋታል። አውራ ጣታቸውን ያሳረፉበት ሐምራዊ ቀለም ደብዝዞም ቢሆን የጣታቸው መስመር ይታይ ነበር። «እዚህ ላይ እኔ አለሁ» ይሉኛል ከፍተው ሲያሳዩኝ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ የውጭ ደብዳቤ መግባት ጀመረ። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚደርሰው አስተማሪ ወይም ወታደር ያለው ቤት ብቻ ነበር። አሁን ግን የንግሥት ፎቶ ያለበትን የእንግሊዝ ቴምብር በኩራት የምናሳይ ልጆች ሳይቀሩ አዲስ ቴምብር አየን፤ አውሬና አበባ የተሳለበት፣ ጆሃንስበርግ የሚል ማኅተም ያረፈበት። አንዳንዱ በፖስታ ቤት ይመጣል፤ አብዛኛው ግን በመጣ ሰው እጅ፣ ከሸሚዝና ከጫማ ጋር ተጠቅልሎ። ደብዳቤው ሲደርስ እናት ትጠራኛለች፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ የሰፈር ጸሐፊ ነውና።

ንባቡ ዝም ብሎ አይጀመርም። ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ ሕፃን ዝም ይባላል። እኔ በርጩማ ላይ እቀመጥና ፖስታውን በጥንቃቄ እከፍታለሁ፤ ምክንያቱም ፖስታውም ይቀመጣል። መግቢያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጤና ይጠይቃል፣ ናፍቆት ይናገራል፣ ከዚያ በስም እየጠራ ሰላምታ ይልካል። ይህ የሰላምታ ዝርዝር አንዳንዴ ሁለት ገጽ ይፈጃል። ልጅ ሆኜ ያሰለቸኝ ነበር። ስሙ ያልተጠራ ጎረቤት ግን ፊቱ ይጠቁራል፤ «ደግመህ እየው እስቲ» ይለኛል። ዛሬ ከማንኛውም የደብዳቤ ክፍል አብልጬ የምወደው ያንን ዝርዝር ነው። አንድ መንደር በአንድ ዓመት ውስጥ ማን ማን እንደነበረበት፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚጠራ፣ ማን እንደተቀየመ፣ ማን «አክስቴ» እንደተባለና ማን በስሟ ብቻ እንደተጠራች ሌላ የት ተጽፎ ይገኛል?

ከሰላምታው በኋላ ሥራ ይመጣል። ልጁ «ሎኬሽን እየገባሁ ነው» ብሎ ይጽፋል። አልጋ ልብስ፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በዱቤ እንደሚሸጥ፣ በወር መጨረሻ ደግሞ ያንኑ መንገድ እየዞረ ዱቤውን እንደሚለቅም ይተርካል። አንዲት እናት «ሎኬሽን ከተማ ነው ወይስ ገጠር?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። መልሱን ያገኘነው ከዓመት በኋላ ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ከመጣ ጎረምሳ ነው፦ ሁለቱም አይደለም። የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ከከተማው አርቆ ያሰፈረበት መንደር ነው። ለነጩ ከተማ ሠራተኛ ይሆናሉ፣ ሲመሽ ግን ከተማው ውስጥ አያድሩም። ያ ሥርዓት በ1986 ፈረሰ፤ መንደሮቹ ግን ባሉበት ቀሩ፤ የኛ ልጆች የገቡት ወደዚያ ነው። እናትየው ይህን ከሰማች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እነሱስ ለልጄ ቡና ያጠጡታል?» አለች።

ስለ መንገዱ ግን አንድም ደብዳቤ አንድ መስመር የጻፈ አላነበብኩም። «በሰላም ገብቻለሁ» ይላል፤ አለቀ። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ጫካው፣ ኮንቴነሩ፣ የማላዊ የስደተኞች ካምፕ፣ የተያዘው፣ የተመለሰው፣ የቀረው፣ ሁሉም ከነዚያ ሁለት ቃላት ጀርባ ነው። ጽሑፍ በሰው እጅ ይገባል፤ መንገዱ ደግሞ የደላላ መንገድ ነው፤ ደላላው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሩቅ ሰው አይደለም፤ የአክስት ልጅ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ነው፣ የሚዜው ሚዜ ነው። ሰው ዘመዱን በወረቀት አይከስስም።

ለምን ሄዱ ለሚለው ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የየራሱ መልስ አለው። አባቴ መሬት ነው ይላል፤ አንድ የእንሰት ጓሮ ለአምስት ወንድ ልጅ ሲካፈል ለአምስተኛው የሚደርሰው አጥሩ ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው ደግሞ በ1992 ምርጫ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ድርጅት ሀዲያ ውስጥ ድምፅ ካገኘ በኋላ የተከተለውን ወከባ ያነሳል፤ ብዙ ወጣት ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ላይ የነበረው ተስፋ እንደተቆረጠ ይናገራል። ስለ ሀዲያ ስደት ብዙ የጻፉት ተመራማሪ ደረጀ ፈይሳ ሦስተኛ ነገር ጨምረዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2001 ሆሳዕና መጥቶ የሰበከ አንድ ካናዳዊ ወንጌላዊ ወደ ደቡብ መንገድ እንደሚከፈት መተንበዩን፣ ሰዉም ጉዞውን በዚያ ትንቢት መነጽር ማየቱን። ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል። ሰፈራችን ውስጥ ግን የፈገገ አልነበረም። ልጇ ሞያሌን ያለፈ ዕለት የምትጾም እናት ያየ ሰው፣ ያን ጉዞ በብር ብቻ ሊያስረዳው አይችልም።

መልስ መጻፍ ከማንበብ ይከብድ ነበር። እናት በሀዲይሳ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ያኔ የሰፈራችን ደብዳቤ ሁሉ በአማርኛ ነበርና። አልቅሳ የተናገረችው እኔ ጋ ሲደርስ የትምህርት ቤት ድርሰት ይሆናል። ይህን ራሷም ታውቅ ስለነበር ካሴት ሲመጣ ሰፈሩ እፎይ አለ። ባዶ ካሴት መግዛት ውድ በመሆኑ በአሮጌ የመዝሙር ካሴት ላይ ይቀዳል፤ ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት መድፈን ብቻ ነው። አንዷን ካሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ዳግም ሰማኋት። እናቲቱ በሀዲይሳ ስለ ላሟ መታመም ታወራለች፤ ዶሮ ይጮኻል፤ በር ይንኳኳል፤ «ግቢ» ትላለች፤ የገባችው ሴት ደግሞ የሚቀዳ መሆኑን ሳታውቅ የብድር ነገር ትጀምራለች። ሁሉም ሲስቁ ይሰማል። ከዚያ ቀረጻው ያልቅና ያልተደመሰሰው መዝሙር ከመሃሉ ቀጥ ብሎ ይገባል። ጆሃንስበርግ ያለው ልጅ ይህን ካሴት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ስንት ጊዜ እንደሰማው ነግሮኛል፤ ከእናቱ ንግግር ይልቅ የዶሮዋን ጩኸት ይጠብቁ ነበር አለኝ።

ከዚያ ሞባይል ገባ፣ ቀጥሎ ኢሞ። ሰው በየቀኑ ፊት ለፊት እየተያየ ማውራት ቻለ፤ ይህን ደስታ አልቀናበትም። ለታሪክ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጽፍ በነበረበት ዘመን ሁለት ወረቀት ይቀር ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሲደውል የሚቀር የለም። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ አንድ ቤት የአሥር ዓመት ወሬውን አብሮ ያጣል። በግንቦት 2000 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በመጤዎች ላይ በተነሳው ጥቃት 62 ሰዎች ሞተዋል፤ የዚያን ሳምንት የኛ ሰፈር ሌሊት እንዴት እንዳለፈ የሚነግር አንድ ወረቀት የለም። ሰዉ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አደረ፣ ነጋ፣ በቃ።

አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበር። ያ ሰማያዊ ልባድ ያለው ትልቅ መዝገብ ቤታችን ውስጥ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል መቀመጫ ነበረው፤ ማንም አይነካውም፣ ሻይ አጠገቡ አይቀመጥም። አባቴ በማስመሪያ ዓምድ ያሰምርበታል፦ ስም፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ምርመራ። አንድ ዓመት ላይ «ውጭ» የሚል አዲስ ዓምድ አሰመረ። ማንም አላዘዘውም። የሄደው ልጅ መዋጮውን በእናቱ በኩል ይከፍላል፤ ለቀብር ድንኳን ተሸክሞ መምጣት ስለማይችል ግን ከጉልበት ሥራው ነፃ መሆን አለበት ወይስ መቀጣት? ዕድርተኛው ሁለት እሑድ ተከራከረ። በመጨረሻ የቀረበት ቀን ሁሉ በብር እንዲተመን ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው በአባቴ ቁም ጽሕፈት ተጽፎ አለ። ስደት የአንድን መንደር ሕግ እንዴት እንደለወጠ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ሰነድ በየትኛውም ቤተ መዛግብት ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የከበደው ክርክር የመጣው በኋላ ነው። ውጭ አገር የሞተ ሰው አስከሬኑ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ጎዳና ላይ ባሉ ልጆች መዋጮ ቦሌ ከደረሰ ዕድሩ ድንኳን ይጥላል፤ ይህ አላከራከረም። አስከሬኑ ያልመጣስ? ስሙ ያልታወቀስ? በሰኔ 2004 ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲገኙ፣ ዜናው ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ የተከፈተው ኮንቴነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። ያኔ ኮሮና ገና አገራችን የገባበት ወር ነው፤ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ለቅሶ ቤት በር ላይ ሳሙናና ውኃ ተቀምጦ ነበር። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ደግሞ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በእያንዳንዱ ዜና ስልኩ የማይነሳለት ልጅ ያላት እናት ሁሉ ለቅሶ ልትቀመጥ ትችላለች፤ አትቀመጥም፤ ትቀመጣለች። ዕድሩ የቆረጠው እንዲህ ነው፦ ዓመት ከስድስት ወር ድምፁ የጠፋ ልጅ ቤተሰቡ ራሱ ከጠየቀ ድንኳን ይጣልለታል፤ ካልጠየቀ መዋጮው ይቀጥላል። አባቴ የነዚያን ልጆች ስም አልሰረዘም፤ በእርሳስ ክብ አደረገባቸው። እናቶቻቸው ዛሬም በየወሩ ይከፍላሉ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አዲስ አበባ ደረሰኝ። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ሀዲያ» የሚል ካርድ ፈልጌ ያገኘሁበት ቀን እስካሁን ደስ ይለኛል። የመጣልኝ መጽሐፍ የጀርመንኛ ነው፤ የኡልሪኽ ብራውኬምፐር የሀዲያ ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ። እንግሊዝኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አንድ ቃል ሳይገባኝ ገጹን ገለጥኩ፤ ነገር ግን ስሞቹ ይነበቡ ነበር፦ ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ በደዋቾ። የገራዶቹን ስም አየሁ። ሆስፒታላችን በስሟ የተሰየመላትን ንግሥት እሌኒንም አየሁ፤ የሀዲያው ገራድ መሐመድ ልጅ፣ የአፄ ዘርአ ያዕቆብ ባለቤት። ሰውዬው በአገራችን ተራራ ለተራራ እየዞሩ ሽማግሌዎችን ጠይቀው፣ ስለ ከምባታም ለብቻው መጽሐፍ ጽፈው፣ ያሰባሰቡት ፍራንክፈርት ከሚገኘው ከፍሮቤኒየስ ተቋም ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ያ ተቋም ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ተጓዦችን ይልክ ነበር፤ የአያቶቻችን ፎቶ እዚያ አለ። አንዳንድ ሰው በዚህ ይቆጣል። እኔ አልተቆጣሁም። ሰውዬው ባይጠይቁ ኖሮ ያ የሽማግሌ ቃል ከሽማግሌው ጋር ይቀበር ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው፦ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዘር አለ፣ ጦርነት አለ፣ ፍልሰት አለ፤ አምስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ አለ። አያቴን በሸንኮራ እርሻ የመዘገበችው ካርድ ያለችበት ዘመን ግን ማንም እንደ ታሪክ አልቆጠረውም። ለደብዳቤዎቹ ዘመንም ያው ዕጣ እየደረሰው ነበር።

ተመልሼ ሆሳዕና ስመጣ ከተማው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ዋቸሞ የሚለው የቀድሞ ስሙ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ነበር፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀምሮ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ሰው ሕንጻውን በባለቤቱ ስም ሳይሆን ባለቤቱ በሠራበት ከተማ ይጠራዋል። በ2015 ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሲሆን ደግሞ ባጃጁም ስብሰባውም በዛ። ገጠር ወጣ ሲሉ ሴቶች ግድግዳውን በቀለምና በቅርፅ ያስጌጡት የሣር ጎጆ ቆርቆሮ ከለበሰው ቤት ጎን ቆሟል፤ ብዙ ቦታ አሮጊቷ የምትተኛው ጎጆው ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮው ቤት ለእንግዳ ተዘግቶ ይቀመጣል። ልጇ ያሠራላት ሶፋ ላይ ፕላስቲኩ እንዳለ ነው።

ከጓደኞቼ ጋር የስደቱን ደብዳቤ፣ ካሴትና ፎቶ ማሰባሰብ ስንጀምር የመጀመሪያው በር ላይ ያገኘሁት ሰው ትምህርት ሰጠኝ። አንድ አዛውንት ናቸው፤ ከጎረቤት ወረዳ። ቅጽ ይዘን ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሄደበት ዓመት። አዛውንቱ ቅጹን ተቀብለው ገለበጡትና ለእኔ መለሱልኝ። «ልጄ፣ በ77ም እንዲህ ስም የሚጽፉ ልጆች መጥተው ነበር» አሉኝ። ደርግ ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ቤተሰብ ወደ መተከል ያሰፈረበት ጊዜ ነው። «ስሙ የተጻፈ ሰው በመኪና ተጫነ። ወንድሜ ፓዌ ቀረ። አሁን ደግሞ ልጄ ያለ ወረቀት የሄደበትን አንተ ወረቀት ላይ ታሰፍረዋለህ?» አዛውንቱን የሚያሳምን ቃል የለም፤ እውነታቸውን ነው። ቅጹን አጠፍኩትና ቡና ጠጣን። ስለ ልጃቸው አንድ ቃል ሳይነግሩኝ ስለ ፓዌው ወንድማቸው እስኪመሽ አወሩልኝ፤ አሮጌው ስደት ለአዲሱ መሸፈኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቅጽ የሚባል ነገር ይዤ አልሄድም። ስም ያለው ሰው ራሱ ሲፈልግ ስሙን ይናገራል።

ይህን ሁሉ ስዞር በጣም የወደድኩት ግን ዱራሜ ያገኘሁትን ፎቶ አንሺ ነው። ሀምበሪቾ ተራራ ከነደረጃው ከሱቃቸው በር ላይ ይታያል። ዛሬ ወጣቱ ወደ 777ቱ ደረጃዎች ወጥቶ በስልኩ ራሱን ያነሳል፤ ጋሼ ደግሞ ከታች ሆነው ይመለከቱታል፤ ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነው እያሉ ይተርባሉ። ከሱቃቸው ጓዳ ውስጥ በዱቄት ወተት ጣሳዎች የታጨቀ ኔጋቲቭ አለ። ክዳኑ ሲከፈት ሻጋታና መድኃኒት የተቀላቀለ ሽታ ይወጣል።

ጋሼ ማን እንደሚሄድ ከቀበሌው በፊት፣ ከእናትየው በፊት ያውቁ ነበር። ጎረምሳው ጉርድ ፎቶ ይነሳል፤ ከጉርዱ በኋላ «አንድ ደግሞ ቆሜ» ይላል። ጉርዱ ለመንገድ ነው፣ የቁሙ ለእናት። «ሁለቱን በአንድ ቀን የጠየቀኝ ሁሉ በወሩ ውስጥ ይጠፋል» አሉኝ። የቁሙን ፎቶ እናት ራሷ መጥታ እስክትወስድ ያስቀምጡታል። አንዳንዴ እናት ልጇ መሄዱን የምታውቀው ከዚያ ፎቶ ነው። ጋሼ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው የተናደዱ መሰሉ፤ «እኔ የማየው በመስተዋት ነው፤ አላወራም» አሉ።

ሲገለበጥ የሚታየው ነገር አያልቅም። ከደቡብ አፍሪካ የተላኩ ፎቶዎች ለማባዣ ይመጡላቸው ነበር፦ በማያውቀው ሰው መኪና ላይ የተደገፈ ልጅ፣ ፍሪጅ ከፍቶ ፊት ለፊቱ የቆመ ልጅ፣ ጄፒ ጎዳና ላይ ከፎቅ ሥር የሚስቅ ልጅ። ያ ጎዳና ዛሬ ስሙ ተለውጦ በፀረ-አፓርታይድ ታጋይዋ በራሂማ ሙሳ ተሰይሟል፤ የኛ ሰው ግን ያው ጄፒ ይለዋል። ፎቆቹም የሐኪሞች ክሊኒክ ነበሩ ይባላል፤ ክፍሉ ሁሉ ተሸንሽኖ የጨርቅ ሱቅ ሆኗል። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ጋሼ አዲስ ሥራ ያዙ። እናቶች የሄደውን ልጅ ከቤተሰቡ መሃል «አስገባልኝ» ይሏቸው ጀመር። የገና ቀን በተነሳ ፎቶ ውስጥ፣ በአባትና በታናሽ እህት መካከል፣ ከደርባን የተላከ ፎቶ ላይ የተቆረጠ ልጅ ይቆማል። ጥላው ወደ ግራ፣ የነሱ ወደ ቀኝ። ሙሽሪት ዱራሜ፣ ሙሽራው ጆሃንስበርግ ሆነው የተጋቡበት ፎቶም አለ፤ ሙሽራው ከወገብ በታች የሌላ ሰው ሱሪ ለብሷል፤ ሱሪው የጋሼ ነው። እውነተኛ ሰነድ ብቻ ይሰብሰብ የሚል የታሪክ መምህር ይህን ወደ ጎን ያደርገው ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ የማስቀምጠው እሱን ነው። በዚያ ቀን በዚያ ቤት የነበረው ቤተሰብ ሁሉ በዚያ ፎቶ ውስጥ አለ፤ የጎደለውም ጭምር።

አብሮን የነበረ ወጣት ኔጋቲቩን በስካነር እያነሳ በዓመተ ምሕረት መደርደር ጀመረ። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ አዩትና «ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«በዓመት ላስቀምጠው ብዬ ነው ጋሼ።»

«ዓመቱን ማን ነገረህ?»

ልጁ ዝም አለ። በኔጋቲቩ ላይ ዓመት የለም።

«እኔ በመጋረጃ ነው የማውቀው» አሉ። ከዚያ ሥርዓቱን አስረዱን። መጀመሪያ ከኋላ ነጭ አንሶላ ነበር። ቀጥሎ አንድ ሠዓሊ ጢስ ዓባይን ሣለላቸው፤ ፏፏቴው ሰማያዊ ሳይሆን አረንጓዴ ነው፣ ሠዓሊው ሰማያዊ ቀለም አልቆበት። በፏፏቴው ዘመን የተነሳ ሁሉ ከስልክ በፊት የሄደ ነው። ከዚያ ጎረምሳው ፏፏቴ አያስደስተኝም ቢላቸው አውሮፕላን አሣሉ፤ በአውሮፕላኑ ፊት ከተነሱት አንዱም በአውሮፕላን የሄደ የለም፤ ይህን ሲሉ ሳቁ። ከአውሮፕላኑ በኋላ ፎቆች መጡ፤ ከፎቆቹ በኋላ ኮምፒውተር ስለገባ መጋረጃው ተጠቀለለ። እያንዳንዱን ልጅ የሚያስታውሱት በዚህ ነው፦ «ከፏፏቴው በፊት ነው የሄደው»፣ «አውሮፕላኑ ሲያረጅ ነው የመጣው»። ወጣቱ ፋይሎቹን ሰርዞ እንደገና በመጋረጃ ደረደራቸው። ሦስት ቀን የፈጀው ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተስተካከለ፤ ጋሼም እያንዳንዱን ፖስታ እየተቀበሉ በላዩ ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉ።

ስለ ክፍያም ተከራከርን። ኔጋቲቩ የሳቸው ነው፤ ፊቱ ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጣሳ ለሳቸው ይከፈላል፤ ፎቶው ግን የሰውየው ወይም የእናቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ ከዱራሜ አይወጣም። እኔ የተስማማሁት ወዲያው ነው። እሳቸው ግን ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አደረጉ፤ እሳቸውም ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ፣ ቡና ያመጣችልን ልጅ ምስክር ሆነች።

ልንወጣ ስንል ከመሳቢያቸው አንድ የታሸገ ፖስታ አወጡ። ከአውሮፕላኑ ዘመን ነው። ኔጋቲቩን ወደ መብራቱ አቅርቤ አየሁት፦ ጥቁር መነጽር፣ ደረቱ የተከፈተ ሸሚዝ፣ በከንፈሩ ጫፍ ያልተለኮሰ ሲጋራ፣ አንድ እግሩ ወንበር ላይ። የዱራሜ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ተመልሶ መጥቶ አሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል፣ እሑድ እሑድ ወጣቱን የሚገሥጸው እሱ ነው።

«ይሄኛው ይቆለፍ» አሉኝ።

«እስከ መቼ ጋሼ?»

አሰቡ። «እሱ እስኪሞት።» ከዚያ ፖስታውን ከእጄ ቀምተው ወደ መሳቢያው መለሱት። «አይ፤ ሚስቱ እስክትሞት።»